ሶፍትዌሩ ረከሰ፤ ሙያውስ?

የአንድ መሣሪያ ዋጋ ሲወድቅ ገዢ ይደሰታል። የመሣሪያውን ቁልፎች ብቻ አጥንቶ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ግን ወሬው መልካም አይደለም። ለፊልምና ለቪዲዮ ሥራ የሚውለው «ዲጂታል ኮምፖዚቲንግ»፣ ማለትም በተለያየ ቦታና ጊዜ የተቀረጹ ምስሎችን አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ እንዳነሳቸው አስመስሎ የማዋሐድ ሙያ፣ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

«ሼክ» የተባለውን ሶፍትዌር እንውሰድ። የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ከተሠሩባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር። አፕል ኩባንያ የሶፍትዌሩን ባለቤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ገዛ፤ በ2006 ዋጋውን ከ2,999 ዶላር ወደ 499 ዶላር፣ ማለትም ወደ አንድ ስድስተኛ አወረደው፤ በ2009 ደግሞ ከነአካቴው ከገበያ አወጣው። ቁልፎቹን ብቻ የሸመደደ ሰው ዕውቀቱ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ተቀበረ። መሠረተ ሐሳቡን የያዘው ግን «ኑክ» ወደተባለው ሶፍትዌር ተሻግሮ ሥራውን ቀጠለ።

ዛሬማ መሣሪያው በነፃ ይገኛል። ብሌንደር ለማንም ክፍት ነው። «ፊውዥን»ም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ተካቷል፤ ነፃው ቅጂም ይዞታል። ሁሉም እጅ የገባ ዕቃ ደግሞ ለባለቤቱ ብልጫ አይሰጠውም። በገበያው ላይ ብርቅ ሆኖ የቀረው የሠለጠነ ዓይን ነው።

መሠረተ ሐሳቡን በሥርዓት የጻፉት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1984 ነው። እያንዳንዱ የምስል ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ «አልፋ» የሚባል አራተኛ ቁጥር ይይዛል። አልፋ 1 ሲሆን ከኋላ ያለው ምስል ፈጽሞ አይታይም፤ 0 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ 0.5 ሲሆን፣ ለምሳሌ በፀጉር ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ እኩል በእኩል ይደባለቃሉ። ይህ ስሌት በየሶፍትዌሩ አይለዋወጥም። ስሌቱን ያልተረዳ ሰው በተዋናዩ ፀጉር ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ባየ ቁጥር ቁልፍ ሲነካካ ይመሻል።

«ቀጣሪዎች እኮ የሶፍትዌር ስም ጠርተው ነው የሚጠይቁት» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ይላል። ነገር ግን ለእርሱ ብቻ ሲሉ የትምህርት ክፍያ መክፈል በነፃ የሚታደለውን በገንዘብ መግዛት ነው።

ስለዚህ ልጁን ለማስተማር ወይም ራሱ ለመማር ገንዘብ ያዘጋጀ አንባቢ፣ ከመክፈሉ በፊት ማሠልጠኛውን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ተማሪው አረንጓዴውን ጨርቅ ራሱ ሰቅሎ፣ መብራቱንም ራሱ አስተካክሎ ይቀርጻል ወይ? በቀረጻው ሰዓት በቀላሉ የሚታረም የመብራት ጉድለት በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ቀናት ይበላል። ሁለተኛ፣ የብርሃኑን አቅጣጫ፣ የጥላውን ጥቁረትና ቀለሙን ከኋላው ምስል ጋር ማመሳሰል ይማራል ወይ? ሦስተኛ፣ ያንኑ ሥራ በሁለት የተለያዩ ሶፍትዌሮች እንዲሠራ ይደረጋል ወይ?

ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። የሶፍትዌር ስም ብቻ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት፣ ሶፍትዌሩ ከገበያ የወጣ ዕለት አብሮ ይወጣልና።