ለሕፃን የተሰጠ ቃልም ቃል ነው

«ልጁ ሳያየኝ ቶሎ ልውጣ» የምትለዋ አነጋገር ያልተሰማችበት ቤት መቼም ጥቂት ነው። አባት ለሥራ ሩቅ ሊሄድ ሲል ሻንጣው አስቀድሞ ከደጅ ይወጣል። እናት ሕፃኑን ወደ ጓዳ ወስዳ ዳቦ ታስይዘዋለች። አባትም ኮቴውን አጥፍቶ ውልቅ ይላል። ልጁ «አባዬስ?» ሲል «ሱቅ ሄዶ ነው፣ አሁን ይመጣል» ይባላል። ሱቅ ሄደ የተባለው አባት ግን በማግሥቱ ሚሌን አልፎ ወደ ጋላፊ እየነዳ ነው፤ የሚመለሰውም ከሳምንት በኋላ ነው። ይህንንም ብዙ ሰው እንደ ብልኀት እንጂ እንደ ውሸት አይቆጥረውም።

ይህን ጉዳይ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ያነሣንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ነገሩ የሩቅ ሰው ነገር ስላልሆነ ነው። ከመካከላችን ባለቤቷ ከሞጆ እስከ ጅቡቲ ከባድ መኪና የሚነዳ ሠልጣኝ አለች፤ ለክትባት ዘመቻ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞር የጤና ባለሙያ ያገባ መምህርም አለ። እኛው ራሳችን ብንሆን ለማስተማር ልምምድ ክትትል ስንወጣ፣ ለክረምት ትምህርት ስንሄድ፣ ከኋላችን ገና አፉን ያልፈታ ወይም አሁን አሁን መኮላተፍ የጀመረ ልጅ ትተን ነው የምንሄደው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ሙያችን ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የሰው ልጅ ተረክበን «እመኑን» የምንል እኛ ነን። የልጅ እምነት ደግሞ የሚጀምረው ከክፍል ሳይሆን ከቤት በር ነው።

አቋማችንን በአጭሩ ለመግለጽ፦ የሚሄድ ሰው ለሕፃኑ ነግሮ ይሂድ፤ የማይፈጽመውን ቃል አይስጥ፤ የሚቀረውም ሰው የሄደውን በስሙ እየጠራ ያቆየው እንላለን።

እዚህ ላይ «የሁለት ዓመት ልጅ ምን ያውቅና ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በሥነ ልቡና ትምህርታችን ስሙ የሚነሣው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የራሱን ሦስት ልጆች እየተከታተለ እንደ ጻፈው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረውን ነገር አይፈልግም፤ ለእርሱ ያላየው የለም። ሁለት ዓመት ወደ መሙላቱ ሲቃረብ ግን የተሰወረው ነገር አንድ ቦታ እንዳለ ያውቃል። እንግዲህ ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። የሁለት ዓመቱ ማሙሽ አባቱ አንድ ቦታ እንዳለ ያውቃል፤ የት እንዳለና መቼ እንደሚመጣ ግን ሊያውቅ አይችልም። «ሐሙስ» ለእርሱ ትርጉም የለውም፤ «ነገ»ን እና «ትናንት»ን ያደባልቃል። እርሱ ጊዜን የሚለካው በሥራ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ገላ ከታጠብን በኋላ፣ መብራት ሲጠፋ፣ እያለ። ስለዚህ አያውቅም ማለት እውነት አይደለም፤ የሚያውቀው ግማሹን ነው፤ በግማሽ ማወቅ ደግሞ ከአለማወቅ የበለጠ ያስጨንቃል።

የልጆቻችንን ጨዋታ ብንመለከት እንኳ ይህንኑ እናያለን። ኩኩሉ ሲጫወቱ የሚደበቀው ገና ነው ይላል፣ ቦታ ሲይዝ ደግሞ ያሳውቃል፤ ፈላጊውም ያንን ሰምቶ ዓይኑን ይገልጣል። መደበቅ የሚያስቀው መደበቁ የታወቀ፣ መገኘቱም የማይቀር ስለ ሆነ ነው። ሳይነግር የተሰወረ ሰው ጨዋታውን አበላሽቷል፤ ልጆቹም ያኮርፉታል። አባትም ይህንኑ ሕግ ቢያከብር ምን ይጎዳዋል?

«ቢነግሩት ያለቅሳላ!» የሚለው መልስ ዋናው ተቃውሞ መሆኑን እናውቃለን። አዎን፣ ያለቅሳል። መኪና ለመሳፈር የሚቸኩል ሰው በበር ላይ ሱሪውን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ሲያይ አንጀቱ ይላወሳል። ነገር ግን ልቅሶ ሁሉ ጉዳት አይደለም። በመሰናበት ጊዜ የሚያለቅስ ልጅ ኀዘኑን የሚያይለት ሰው አጠገቡ አለ፤ ታቅፎ ይባባላል፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ተታሎ የቀረው ልጅ ግን ያኔ ባያለቅስ በኋላ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ እናቱ ወደ ጓዳ ስትገባ እንኳ ተከትሏት ይሮጣል፤ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ በሩን ይደበድባል፤ ማታም እንቅልፍ እየጣለው አልተኛም ይላል። «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ይባላል። የነካው ነገር የለም፤ ዓይኑን ከጨፈነ ሰው እንደሚጠፋበት ተምሯል፤ ያስተማርነውም እኛ ትልልቆቹ ነን።

ዝም ማለቱ መርሳት እንዳልሆነም መረዳት ያስፈልጋል። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለው ባለሙያ በ1952 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ለስምንት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ የሆነችውን በፊልም ቀርጾ አሳይቶ ነበር። በዚያን ዘመን ወላጅ ልጁን ለመጠየቅ የሚፈቀድለት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። ሮበርትሰንና የሥራ ባልደረባው ጆን ቦውልቢ ካዩአቸው ሕፃናት የተረዱት፣ ከወላጁ የተለየ ሕፃን በመጀመሪያ እንደሚጮኽና እንደሚቃወም፣ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ እንደሚተክዝ፣ በመጨረሻም ጸጥ ብሎ ለወላጁ ግድ የሌለው እንደሚመስል ነው። ነርሶቹ ያንን ጸጥታ «ለመደ» ይሉት ነበር። ይህ ሥራ ካስነሣው ክርክር በኋላ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የፕላት ሪፖርት የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጆችን ያለ ሰዓት ገደብ እንዲያስገቡ አሳሰበ።

በእርግጥ እናቱ ቤት ያለች፣ አባቱ ብቻ የሄደበት ልጅ ከዚያች ሕፃን ጋር እኩል ተጎዳ ብለን አናጋንንም። ሮበርትሰንና ባለቤቱ ጆይስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያደረጉት ክትትል ልዩነቱን በሚገባ ያሳያል። ተንከባካቢዎቹ በሚፈራረቁበት የሕፃናት ማቆያ ለ9 ቀን የቆየ የ17 ወር ሕፃን ክፉኛ ተጎዳ። እነርሱ ራሳቸው ቤታቸው ወስደው፣ አንድ ሰው እየያዛቸው፣ ስለ እናታቸው እየተነገራቸው የቆዩት ልጆች ግን ቢከፋቸውም ችለውት አለፉ። ከዚህ የምንማረው፣ ወሳኙ ነገር መለየቱ ብቻ ሳይሆን በመለየቱ ጊዜ ልጁ የሚያዝበት ሁኔታ መሆኑን ነው።

«እኛ አገር እኮ ልጅ የጎረቤት ነው፤ አያት አለች፣ አክስት አለች» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ትልቅ ሀብትም ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የተባለችው ተመራማሪ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ተከታትላ፣ ሕፃናቱ ከእናታቸው ሌላ አባትን፣ አያትንና ሌሎችንም የቤት ሰዎች እንደሚወዱ ተመልክታለች። ነገር ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው እናቱ ቤት አጠገብ የሚኖረው? ብዙዎቻችን ከትውልድ ስፍራችን ርቀን በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የምንኖር ነን። አያት ያለችው በስልክ ውስጥ ነው። ደግሞስ አያት መኖሯ አባትን ከመሰናበት ነፃ ያወጣዋልን?

አሁን ደግሞ ወደሚቀረው ሰው እንምጣ። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ተነሥታ ያደረች ሠልጣኝ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መገኘት አለባት። ከዚያ በፊት ልጁን ታጥባለች፣ ገንፎውን ታበላለች፣ ለሞግዚቷ ታስረክባለች። ማታ ደግሞ የትምህርት ዕቅዷን ልትጽፍ ስትቀመጥ እስክሪፕቶው በማሙሽ እጅ ነው። ጨው ቢያልቅ እንኳ «አንድ ጊዜ ያዝልኝ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» የምትለው ሰው የለም። ይህ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ መንገደኛው ሲመለስ «ደክሞሃል» ይባላል፤ የቀረችውን «ደክሞሻል» የሚላት ግን የለም። ባል ቀርቶ ሚስት በሄደችበትም ቤት እንደዚሁ ነው፤ እንዲያውም ልጁን አዝሎ የሚታይ አባት መሳቂያ ይሆናል፤ ይህም ሊያሳፍረን ይገባል።

ከዚህ ድካም የተነሣ «ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!» የምትለዋ ዛቻ ትመጣለች። የደከመችን እናት ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን ይህች ቃል ሁለት ሰው ትጎዳለች። ልጁ የሚናፍቀውን ሰው እንዲፈራ ታደርጋለች፤ አባትንም በሌለበት ጅብ ታደርገዋለች። በሌላ በኩል ደግሞ መንገደኛው ሲመለስ ኪሱን በከረሜላ ሞልቶ፣ የእንቅልፉን ሰዓት አፍርሶ፣ እናት በሳምንት ያቆመችውን ሥርዓት በአንድ ምሽት የሚንድበት ቤት አለ። በዚህ ጊዜ እናት ከልካይ፣ አባት ሰጪ ይሆናሉ። አባት በቤቱ እንግዳ መሆን የለበትም፤ ሲመጣ የቤቱን ሥርዓት ጠይቆ ይያዝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ገንዘብ አይጠይቅም። ሻንጣው ልጁ እያየ ይዘጋጅ፤ ካልሲ ቢያቀብል ደግሞ የተሻለ ነው። ከመውጣት በፊት ዝቅ ብሎ በአጭር ቃል «ሥራ ልሄድ ነው፤ አንተ ከእማዬ ጋር ነህ፤ ስጨርስ እመጣለሁ» ማለት ይበቃል። ስንብቱ አይርዘም፤ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መሳም ልጁን የበለጠ ያስጨንቀዋል። ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቅ ሹፌር የሚመለስበትን ቀን አያውቅም፤ ስለዚህ ቀን አይስጥ፤ «እመጣለሁ» ብቻ ይበል። ቀኑ የታወቀ ከሆነ ግን በቀኑ ልክ የባቄላ ፍሬ በስኒ አድርጎ በየማታው አንዷን ማውጣት ይቻላል። ልጁ ቁጥር ባያውቅም ስኒው ባዶ ወደ መሆን ሲቃረብ ያያል።

ስልክም ቢሆን ጥሩ መሣሪያ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን ይቅርባቸው ሲል፣ ከዘመድ ጋር እየተያዩ በምስል መነጋገርን ግን ለይቶ ፈቅዷል። የሁለት ዓመት ልጅ በስልክ ወግ አይዝም፤ ጫማውን ያሳያል፣ ስልኩን ይልሳል፣ ጥሎትም ይሮጣል። መንገደኛው በዚህ አይከፋ። በተወሰነ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ፣ ድምፁ መሰማቱ ነው ቁም ነገሩ። ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ፎቶግራፉን ማሳየትና ስሙን ማንሣት ይቻላል። ሲመለስም ልጁ ፊቱን አዙሮ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ቢሸሸግ «ረሳኝ» ብሎ አይቀየም፤ በግድም አይሳመው። ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው፤ ልጁ ራሱ ይመጣል።

እዚህ ተቋም ውስጥም የምናደርገው አለ። የልምምድ ክትትል ጉዞ ዝርዝር በዋዜማው ከሚለጠፍ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቢታወቅ፣ ሕፃን ያላቸው መምህራን ቤታቸውን ያዘጋጃሉ። ጎረቤት የሆንን ሠልጣኞችም ለብቻዋ የቀረችውን ጓደኛችንን ቡና ከመጥራት አልፈን፣ ልጇን ለአንድ ሰዓት ተቀብለን እንድታጠና ብናደርግ ትልቅ ውለታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በመስከረም ወር በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ክፍል ደጃፍ የሚሆነውን እናስብ። ልጅዋን ይዛ ለመጣች እናት «ሳያይሽ ሂጂ፣ እኔ አባብለዋለሁ» የሚል መምህር ሞልቷል። ያ መምህር ሥራውን የሚጀምረው የውሸቱ ተባባሪ በመሆን ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው መምህር እናቱን ያስጠፋበት ሰው ከሆነ፣ ፊደሉን እንዴት አድርጎ ከእርሱ እጅ ይቀበላል?

አበው «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ከልጅም በላይ ቃልን ያከበረ ሕዝብ፣ ለልጁ የሚሰጠውን ቃል ግን ከቃል አለመቁጠሩ ያስገርማል። ለሹም የገባነውን ቃል እንፈራለን፤ ለዕቁብ ሰብሳቢ የገባነውን ቃል እንጠብቃለን። ከሁሉም ይልቅ የሚያምነንን፣ መጠየቅም መክሰስም የማይችለውን ግን በዳቦ እንሸነግለዋለን። ሠልጣኞችና መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ጉዟችን በር ላይ ዝቅ እንበልና እውነቱን እንንገረው። ቢያለቅስም ያልቅስ፤ እኛም የሚያለቅስ ልጅ ማቀፍ እንልመድ።