ጠያቂው በዛ፣ ልጆቹን የሚይዝ ጠፋ



ባለፈው ዓመት እህቴ ደሴ ላይ የሆድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ቤቷ ገባች። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ አራት፣ ትንሹ ሁለት። ባሏ ሳዑዲ ነው ያለው። ሐኪሙ ሲሸኛት «ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሺ፤ ልጅም ቢሆን!» ብሎ አስጠንቅቋታል።

ጠያቂ ጎረፈ። በዚህ በኩል ሕዝባችን አይታማም፣ አልሐምዱሊላህ። ሙዙና ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሳሎኑ መቀመጫ ጠፋበት። የጎረቤት ልጅ ቡና አፈላች። ሁሉም «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ» አላት፤ ከዚያም ወደ ወሬው ዞረ፦ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ እገሌ ሠርግ። እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ። ትንሹ ልጅ «እማ ጋ ልውጣ» ብሎ አልጋው ሥር ሲያለቅስ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁትና ወሬዬን ቀጠልኩ። የኔ ባትሪ ሲያልቅ ሌላው የራሱን ሰጠው።

መግሪብ ሲደርስ ሁሉም ተነሣ። ወንዶቹ ወደ መስጂድ፣ ሴቶቹ ወደየቤታቸው። እኔ ሰግጄ ስመለስ እህቴን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በአንድ እጇ ሆዷን ይዛለች፣ በሌላው ትንሹን ልጅ አቅፋለች። «ምን ሆነሽ ተነሣሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝና «ማን ያንሣው?» አለችኝ።

ስፌቱ ደምቶ ነበር። በማግስቱ ወደ ሐኪም ቤት ይዣት ተመለስኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «ማን ያንሣው?» ናት።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እውነቱን እንነጋገር። ብዙው ዚያራችን በሽተኛውን አያሳርፍም፤ የኛን ሕሊና ነው የሚያሳርፈው። «ጠይቄያታለሁ» ብለን እንድንወጣ ነው። ትናንሽ ልጆች ላሏት እናት ግን ሕመሙ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ልጆቹ ናቸው። እሷ ለቁስሏ መድኃኒት አላት። ልጇ ሲያለቅስ ተኝታ የምትችልበት መድኃኒት ግን የላትም።

ይህን ነቢያችን ﷺ ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ሶላት ሊያስረዝሙ አስበው ገብተው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ የእናቱ ልብ እንዳይጨነቅ ብለው ያሳጥሩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አስበው እንግዲህ! ጀመዓው ቆሞ፣ ሶላቱ ተጀምሮ፣ ለአንድ ሕፃን ለቅሶ ሲባል ሶላቱ ያጥራል። እኛ ግን የቡና ወሬያችንን እንኳ አላሳጠርንም።

የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስልክ ስጠው፣ ዝም ይላል።» አዎ፣ ዝም ይላል። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስቀምጥ፦ ብቻዋን የቀረች ታማሚ እናት ትንሽ እንድትተኛ ብላ ለልጇ ስልክ ብትሰጥ ቅንጣት ወቀሳ የለኝም። ወቀሳዬ ዐሥር ሆነን ሳሎን ሞልተን ተቀምጠን ስልክ ለምንሰጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ፈጽሞ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ መሆኑን ይናገራል። ይኸው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በእንቅስቃሴ ማሳለፍ አለበት ይላል። ሦስት ሰዓት ማለት ነው! አልጋ ላይ የተኛች እናት ሦስት ሰዓት ልጅ ልታስሮጥ ትችላለች? አትችልም። አንተ ግን ትችላለህ። ደግሞም ስልኩ ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ፍርሃቱን አያወጣለትም። ስልኩ ሲነጠቅ ለቅሶው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፣ ያኔ ግን አንተ ቤትህ ገብተሃል።

«ልጅ መያዝ የሴት ሥራ ነው።» ይህን የሚል ወንድም ሲራን ይመልከት። የአላህ መልእክተኛ ﷺ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። የልጅ ልጃቸው ሱጁድ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ላይ ቢወጣ ሱጁዳቸውን አስረዝመዋል፤ ስሜቱን ሳይጨርስ ሊያስቸኩሉት ስላልፈለጉ። የአነስ ትንሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ወፍ ሞታበት ሲያዝን ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫውተውታል። እናታችን ዓኢሻ ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ነው የተናገረችው። ከሳቸው የበለጠ ወንድ ማን ነው? የኛ ወንድነት የሕፃን ካልሲ ስናወልቅ የሚረግፍ ከሆነ ቀድሞውኑ አልነበረም ማለት ነው።

ጃቢር ኢብን ዐብደላህንም አስታውሱ። አባቱ ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሆኖ ትናንሽ እህቶች ተረከበ። ወጣት ነበር። ግን የትዳር ምርጫውን እንኳ እነሱን በምትይዝለት ሴት ላይ አደረገ፤ ነቢዩም ﷺ ምክንያቱን ሰምተው ደግ አደረግክ አሉት። ወጣትነቱን ለእህቶቹ የሰጠ ሰሓባ እያለን እኛ ሁለት ሰዓት ከበደን?

«ጊዜ የለኝም።» ይህን ለማን ነው የምንነግረው? የጀመዓው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ለታመመ ሰው ገንዘብ ሲሰበሰብ በአንድ ምሽት ይሞላል። ማሻአላህ፣ አላህ ይቀበለን። ግን «ነገ ከዐስር እስከ መግሪብ ልጆቹን ማን ይይዛል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግሩፑ ጸጥ ይላል። ሁሉም አይቶታል፣ ማንም አልመለሰም። ያው ሰው ማታ ሙሉ ጨዋታውን ከነጭማሪ ሰዓቱ ያያል። ገንዘብ ሰጥተን ጊዜያችንን የምንሰስት ከሆነ የሰጠነው የተረፈንን ነው።

«ምን ላጫውታቸው? ልጅ አልችልም።» ይህኛው ምክንያት ብቻ እውነት አለው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የሰሓባ ሴቶች የዓሹራ ዕለት ልጆቻቸውን ጾም ሲያለማምዱ ከሱፍ አሻንጉሊት ይሠሩላቸው ነበር። ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ ያንን ይሰጡታል፣ እስከ ማፍጠሪያው ድረስ። ይህን ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ ናት ያስተላለፈችልን። ሱፍ ብቻ! ከሱቅ የተገዛ ነገር የለም። ያንተም ቤት ያረጀ ካልሲ አይጠፋም። ካልሲውን በጨርቅ ሞልተህ እሰረው፣ ኳስ ሆነ። ግቢ ወይም ኮሪደር ካለ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ይሰመራል፣ ድብብቆሽ ይጀመራል። ዋናው ቁም ነገር ሩጫውን ከታማሚዋ ክፍል አርቀህ ማድረግ ነው። ያቺ አንድ ሰዓት ለእሷ እንቅልፍ ናት።

ከሩጫው በኋላ ደግሞ እናታቸው ጋ መልሳቸው። ልጅን ከታመመች እናቱ ጨርሶ መለየት ሌላ ጥፋት ነው። ተኝታ የምትችለው ጨዋታ አለ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ?» ለመባባል መነሣት አያስፈልጋትም፤ ልጆቹ መልሱ ሲጠፋቸው «ሀገር ስጡኝ» ብላ ተኝታ ሀገር ትቀበላለች። ተረትም እንዲሁ። ትልቁ ልጅ ወለሉ ላይ ቅልልቦሽ ይጫወት፣ እሷ ትቁጠርለት። ትንሹ ግን ጠጠር አፉ ስለሚከት ለሱ ድስትና የእንጨት ማንኪያ፣ ወይም አንድ ጭብጥ ሊጥ ይበቃዋል። የአራት ዓመቷን ሐኪም አድርጓት፤ አሻንጉሊቷን በሻሽ ትጠቅልል፣ ትኩሳት ትለካ። ፍርሃቷን የምታወጣው በዚህ ነው።

ደግሞ አትዋሷቸው። «እማማ ምንም አልሆነችም» አትበሏቸው፤ ሲያያት አልጋ ላይ ናት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «እኔ ስላስቸገርኳት ነው የታመመችው» ብሎ በልቡ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በግልጽ ንገሩት፦ ሆዷን አሟት ሐኪም ቀዶ አክሟታል፣ በአላህ ፈቃድ ይድናል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አሁን ማቀፍ አትችልም እጇን ግን መያዝ ትችላለህ። የእህቴ ትልቁ ልጅ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ኳስ ሆዷ ላይ ስለመታሁ አይደለም?» አለኝ። ለሁለት ሳምንት ይህን ተሸክሞ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጠያቂ አንድ ሰው አልጠየቀውም።

ጥንቃቄም ያሻል። ታማሚዋ የምትወስደው መድኃኒት ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ቡና የተፈላበት ከሰል በተዘጋ ክፍል አይተው፣ ጀበናውም ሕፃን ከሚድህበት ይራቅ። ሕመሙ የሚተላለፍ ከሆነ ልጆቹ ምን ያህል እንደሚቀርቧት ሐኪሙ የሚለውን ተከተሉ፣ መስኮትም ክፈቱ።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፦ «ልጄን ለማን አምኜ ልስጥ?» እናት ይህን ብትል ልክ ናት። እምነት በጢም ወይም በሒጃብ አይለካም። ስለዚህ ሥርዓት ይኑረን። እናቲቱ የምታውቃቸውና የፈቀደቻቸው ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ይሂዱ፤ ጨዋታው በር ተከፍቶ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ቤት ውስጥ ገብቶ ማገዝ ካስፈለገ እህቶች ወይም መሕረም ዘመድ ይግቡ፤ ወንድሞች ልጆቹን ደጅ ይያዙ። በየመስጂዱ ያለ የወጣት ጀመዓ ለዚህ ተራ ማውጣት አያቅተውም። በሳምንት አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ቢሰጥ፣ ዐሥራ አራት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሰባቱን ቀን ይሸፍናሉ።

እናም ቀጣዩ ዚያራህ ላይ «የምረዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አትበል። ይህ ሥራውን መልሶ በሽተኛዋ ላይ መጣል ነው፤ እሷም ታፍርና «ምንም የለም፣ አላህ ይስጥልኝ» ትላለች። በምትኩ በሩ ላይ ቆመህ «ከዐስር እስከ መግሪብ ልጆቹን ላጫውትልሽ?» በላት። ከዚያ ሳሎኑ ውስጥ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ፣ ዱዓ አድርግ፣ ተነሥ፣ ካልሲ ፈልግና ኳስ ሥራ። ሙዙን ልጆቹ ይበሉታል።

እህቴ ዛሬ ድናለች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን «ማን ያንሣው?» የሚለው ድምፅ አለቀቀኝም። ዛሬም በየሰፈራችን አንዲት እናት ስፌቷን ይዛ ይህንን እየጠየቀች ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው፣ ለኛም የሚያነሡ እጆችን ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።