ሞንታርቦው ይውረድ፣ ሚዛኑ ይስተካከል

ዛሬ የምጽፈው ለእኛው ለወንጌላውያን አማኞች ነው። ቅር የሚለው ይኖራል፤ ግን አንብቦ ይጨርስ።

ታክሲ ተራ ላይ ሞንታርቦ ተክለን እንጮኻለን። ታክሲ ውስጥ ሥራ ውሎ የደከመውን ተሳፋሪ እንሰብካለን። ይህንን "ምስክርነት" እንለዋለን። ሰኞ ቢሮ ስንገባስ? ባለጉዳዩ ኪሱን እስኪዳብስ ድረስ "ነገ ተመለስ" እንላለን። ሱቅ ያለን ሚዛን እናጎድላለን። የሠራተኛችንን ደሞዝ አቆይተን ማታ ለጸሎት እንጠራታለን።

ታሪካችን እንዲህ አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ ነው። ሞንታርቦ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። መሪዎቹ ታስረው ተገርፈዋል። እስር ቤቱ ቀለብ ስለማይሰጥ አማኞቹ ስንቅ እየተሸከሙ ሄዱ፤ የራሳቸውን ወገን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም እስረኛ አበሉ። ያየ ጎረቤት ጠየቀ፤ ለጠየቀው ተነገረው።

"ታዲያ አፋችንን እንዝጋ ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ማቴዎስ 28 ላይ የታዘዝነው ደቀ መዛሙርት እንድናፈራ ነው። ደቀ መዝሙር ደግሞ በጩኸት አይገኝም፤ አብሮ በልቶ፣ አብሮ ሠርቶ፣ አስተማሪው ሲፈተን አይቶ ነው የሚማረው።

ስለዚህ ነገ ጠረጴዛችን ላይ ያደረውን ፋይል ጉቦ ሳንጠብቅ እንፈርም። ባለጉዳዩ ተገርሞ "ለምን?" ካለ፣ ያን ጊዜ ስለ ጌታ እንንገረው። ካልጠየቀም መብቱን አግኝቶ ይሂድ።