ደላላውን ተዉት!

ጤፍ ተወደደ፣ ጥፋቱ የደላላ! ቤት ጠፋ፣ አሁንም ደላላ! እኔ ግን እሳቱን ትተን ጭሱን እየረገምን ነው ባይ ነኝ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1937 እንደጻፈው፣ መገበያየት ራሱ ወጪ አለው፦ ሰው መፈለግ፣ ዋጋ መከራከር፣ ውል ማስከበር። ድርጅት የሚቋቋመውም ይህን ወጪ ለመቀነስ ነው። የጎጃም ጤፍ ነጋዴ የአዲስ አበባን ገዢ በምን ያውቀዋል? ቢክደውስ ስንት ቀጠሮ ሊመላለስ ነው? በደላላ ቢያዝ ይፈረድበታል እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ የተቋቋመው ምርቱን ደረጃ ሰጥቶ፣ መዝኖ፣ ክፍያውንም አረጋግጦ የማይተዋወቁትን ለማገበያየት ነበር። መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ የሚታመን ሚዛንና የሚከበር ውል። ደላላ ማሳደድማ ቀላል ነው። የከበደን ውል አፍራሹን ቶሎ መዳኘት ነው!