የዓይን ልገሳና የለቅሶ ቤት ውሳኔ

ከሞት በኋላ የአካል ክፍል መለገስን ሕዝቡ የሚሸሸው በዕውቀት ማነስና በሃይማኖት ፍርሃት ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት ከፊል እውነት ብቻ የያዘ ነው፤ በሕይወት ሳለ ዓይኑን ለመስጠት የፈረመ ሰው ቃል የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው እሱ በሌለበት፣ ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት ለቅሶ ቤት በመሆኑ፣ መመርመር ያለበት የግለሰቡ አመለካከት ሳይሆን የእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ሥርዓት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከሟች የሚገኘውን ስጦታ በኢትዮጵያ ያስለመደው በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የዓይን ባንክ ነው። ባንኩ የሚሰበስበው በሐኪሞች ዘንድ ኮርኒያ፣ በቅስቀሳው ደግሞ የዓይን ብሌን የሚባለውን የዓይን የፊት ክፍል ነው፤ ይህም ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ የደም ሥር የሌለውና ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በመሆኑ፣ እንደ ኩላሊት የሰጪና የተቀባይ ሕብረ ሕዋስ እስኪመሳሰል መጠበቅን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑንና ከእነዚህም 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው በሌሎች የብሌን ጠባሳዎች ማየት የተሳናቸው መሆናቸውን አሳይቷል። እርግጥ ትራኮማ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ አጥፎ ዓይንን ስለሚያደርቅ፣ በንቅለ ተከላ የሚድነው ሁሉም አይደለም፤ ቅስቀሳው ይህን ሳይሸሽግ ቢናገር የበለጠ ይታመናል።

ሕጉም ቢሆን እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 18 እና 19 ሰው ስለ አካሉ፣ ከሞቱ በኋላ የሚፈጸመውንም ጨምሮ፣ ሊወስን እንደሚችልና የወሰነውንም በማናቸውም ጊዜ መሻር እንደሚፈቀድለት ይደነግጋል። ሃይማኖትን በተመለከተም የሚነሣው ሥጋት፣ ማለትም በትንሣኤ ቀን ጎዶሎ አካል ይዞ መነሣት፣ ከምእመናን የሚሰማ እንጂ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያስገድደው አይመስልም። ጥር 18 ቀን ዝርወተ ዐጽሙን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዐጽም ተፈጭቶ በነፋስ የተበተነበትን መታሰቢያ፣ የሚያከብርና ያ ትቢያ ተሰብስቦ እንደተነሣ የሚያምን ሕዝብ ለአንዲት ስስ ሽፋን መስጋቱ ከእምነቱ ይልቅ ከሐዘኑ የመጣ መሆኑን ያመለክታል። በሙስሊሙ ወገንም ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ንቅለ ተከላን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ነው። ዓይን ከሞት በኋላ በ6 ሰዓታት ያህል ጊዜ ውስጥ መወሰድ አለበት፤ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አምቦ፣ ወይም በጉደር፣ ወይም በጭልሞ ደን አቅራቢያ ባለችው ጊንጪ አንድ ሰው ቢያርፍ፣ በእነዚህ ሰዓታት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አስከሬን ይገነዛል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ሙስሊም ከሆነም ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ይፈጸማል። በዚህ መሐል ልጁ ወይም ሚስቱ ተነሥተው ለባንኩ እንዲደውሉ መጠበቅ፣ ዋይታ ባልበረደበት ቤት ሽማግሌ ያልመከረበትን ነገር ብቻቸውን እንዲደፍሩ መጠየቅ ነው፤ ሟቹ መፈረሙን ከቤተሰቡ የሚያውቅ ከሌለማ ጥያቄውም አይነሣም።

ስለዚህ የፈቃድ ቅጽ ከመበተን ይልቅ ዕድሮችን ማነጋገር ይቀድማል። እንደ አምቦ ባሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኦርቶዶክሱን፣ ፕሮቴስታንቱን፣ ሙስሊሙንና ዋቄፈታውን በጉርብትና የሚያስተሳስረው፣ ሞትንም ከሆስፒታል ቀድሞ የሚሰማው ዕድር ነው። የዕድሩ ጸሐፊ የፈረሙ አባላትን በመዝገብ ቢይዝና ጥሩምባው ሲነፋ የሚደውለው እሱ እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንቡ ቢሰፍር፣ ሸክሙ ከሐዘንተኛው ትከሻ ይወርዳል፤ ፈቃዱን ማጽናት ግን ያለ አንዳች ጫና ለቤተሰቡ ሊተው ይገባል፣ ቤተሰቡ እምቢ ቢል ዕድሩ ሊቀየመው አይገባምና። የውጭ ልምድም ይህንኑ ያሳያል፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የስፔን ሕግ ያልተቃወመ ሟችን ሁሉ እንደ ፈቀደ የሚቆጥር ቢሆንም፣ አገሪቱን በልገሳ ከዓለም ግንባር ቀደም ያደረጋት ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየሆስፒታሉ ተመድበው ሐዘንተኛውን ቤተሰብ ቀርበው የሚያነጋግሩ አስተባባሪዎች መዘርጋታቸው ነው ይባላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስልኩን የሚቀበል ሰው በቅርብ ከሌለ ዕድሩ ትዝብት ላይ ይወድቃል። ዓይን የማውጣቱ ሥራ ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ፣ የሟቹንም ፊት የማያበላሽ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች በሠለጠኑ ነርሶችና ቴክኒሻኖች ይከናወናል፤ የተወሰደውም ብሌን በተገቢው ፈሳሽ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። እንግዲህ የጊዜው ጥበት ከሞት እስከ ማውጣት ባለው እንጂ ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ አይደለም፤ የዓይን ባንኩ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሁለት ነርሶችን አሠልጥኖ በተራ ለጥሪ ቢመድብ፣ የሚያስፈልገው ቀሪ ነገር ማቀዝቀዣና በማግሥቱ ወደ ዋና ከተማ የሚሄድ መኪና ነው።