ተበዳይ ካሳ የከፈለባት አገር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ መልእክተኛ ባሮን ደ ማኮ ወደ ሄይቲ ዋና ከተማ ፖርት ኦ ፕሪንስ መጣ። አብረውት የተሰለፉት የጦር መርከቦች 14 ሲሆኑ የጫኑት መድፍ ወደ 500 ይጠጋ ነበር። በእጁ የያዘው ትእዛዝ ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ፈረንሳይ የሄይቲን ነጻነት እንድትቀበል ከተፈለገ አገሪቱ 150 ሚሊዮን ፍራንክ በአምስት ዓመት ከፍላ ትጨርስ፤ የፈረንሳይ መርከቦች የሚከፍሉት ቀረጥም በግማሽ ይቀነስ ይላል። ፕሬዚዳንት ዣን ፒየር ቧዬ መድፎቹን አየና ተስማማ።

ገንዘቡ የተጠየቀው ለቀድሞዎቹ የእርሻ ባለቤቶች ካሳ እንዲሆን ነው። ጠፋባቸው የተባለው ንብረት ሲገመት መሬቱና የስኳር መጭመቂያው ብቻ ሳይሆን በባርነት ይዘዋቸው የነበሩ ሰዎች ዋጋም ተደምሮበታል። ነጻ የወጣው ሰው የራሱን ዋጋ ለጌታው ክፈል ተባለ ማለት ነው። በዳይ ለተበዳይ እንዲክስ ሲያስታርቅ የኖረ የአገር ሽማግሌ እንዲህ ያለ ዳኝነት ሰምቶ አያውቅም።

ሄይቲ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር አንድ ደሴት ትጋራለች። ምዕራባዊውን ክፍል ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1697 ከስፔን ተረክባ ሳን ዶሚንግ ስትል ሰየመችው። በ1780ዎቹ መጨረሻ ይህች ትንሽ ግዛት በዓለም እጅግ ትርፋማ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ አውሮፓ ከምትጠጣው ቡና ከግማሽ በላዩ፣ ከምትልሰው ስኳር ደግሞ ወደ 40 በመቶው ከዚያ ይሄድ ነበር። ሥራውን የሚሠሩት ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። የሸንኮራ አገዳው ሥራ ጉልበት ይጨርስ ስለነበር የሞተውን በአዲስ ጭነት መተካት ለባለ እርሻው የተለመደ ሒሳብ ሆነ።

በኦገስት 1791 በሰሜኑ ሜዳ እሳት ተነሣ። ቡክማን የተባለ መሪ ያሰባሰባቸው ባሮች እርሻዎቹን አንድ በአንድ አቃጠሉ። የፓሪሱ አብዮታዊ ምክር ቤት በ1794 ባርነትን ሲሽር እንደ ቸርነት የሚያወሱት አሉ፤ ነገር ግን ሕጉ የመጣው ባሮቹ ራሳቸውን በጦር ነጻ ካወጡና በቦታው የነበረው የፈረንሳይ ኮሚሽነር አዋጁን አስቀድሞ ካወጀ በኋላ ነው። በዚያ ግርግር ውስጥ ቱሳን ሉቨርቱር ብቅ አለ። ከስፔን ጋር ሆኖ ፈረንሳይን ወጋ፣ ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ ስፔንንና እንግሊዝን አባረረ፣ በ1801 ሕገ መንግሥት አጽፎ የዕድሜ ልክ ገዥ ሆነ። ናፖሊዮን ይህን አልታገሠም። የእኅቱን ባል ጄኔራል ለክለርክን በአሥር ሺዎች ከሚቆጠር ጦር ጋር ላከ። ቱሳን ለድርድር ተጠርቶ ተያዘ፤ በኤፕሪል 1803 በፈረንሳይ ተራሮች ላይ በሚገኝ ብርዳማ ምሽግ ውስጥ ሞተ። ለክለርክም አልተረፈም፣ ቢጫ ወባ ቀድሞ በልቶታል። የቀረውን ጦር የቱሳን ጄኔራል የነበረው ደሳሊን በኖቬምበር 1803 ቬርቲዬር ላይ ድል መታው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነጻነት ታወጀ።

ደሳሊን ቅዱስ አልነበረም። በዚያው ዓመት በደሴቲቱ የቀሩ ፈረንሳውያን በሺዎች እንዲገደሉ አዝዟል፤ ይህን ሸፍኖ ታሪኩን ማወደስ ለሄይቲም አይጠቅምም።

የሄይቲ ድል ግን ከደሴቲቱ ዳርቻ ርቆ ሄዷል። ጦሩ ያለቀበት ናፖሊዮን የአሜሪካ ሕልሙን ትቶ ሉዊዚያናን ለዩናይትድ ስቴትስ በ15 ሚሊዮን ዶላር፣ በፈረንሳይ ገንዘብ ወደ 80 ሚሊዮን ፍራንክ ሸጠ። ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ምድር 80 ሚሊዮን ፍራንክ ካወጣ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ከአንዲት የተቃጠለች ደሴት 150 ሚሊዮን መጠየቅ ምን ዓይነት ግምት ነው? ከድሉ ያተረፈችው አሜሪካም ለሄይቲ እውቅና የሰጠችው በ1862 ነው። የደቡብ አሜሪካ የነጻነት ታጋይ ሲሞን ቦሊቫር በ1815 እና 1816 ሸሽቶ ሲመጣ ፕሬዚዳንት ፔቲዮን መርከብ፣ መሣሪያና ወታደር ሰጥቶት ነበር፤ በልዋጩ የጠየቀው በሚያስለቅቃቸው አገሮች ያሉ ባሮች ነጻ እንዲወጡ ብቻ ነው። ሆኖም በ1826 የአዲሶቹ ነጻ አገሮች ጉባኤ በፓናማ ሲጠራ ሄይቲ አልተጋበዘችም።

ወደ ዕዳው እንመለስ። የመጀመሪያው ክፍያ 30 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር፤ የመንግሥቱ የዓመት ገቢ አጠገቡም አይደርስም። ስለዚህ ሄይቲ ከፓሪስ ባንኮች ተበደረች፤ ባንኮቹ ኮሚሽናቸውን ቀንሰው 24 ሚሊዮን ብቻ ሰጡ። ፈረንሳይ ያስከፈለችውን ፈረንሳይ አበደረች፣ በወለዱም ሌላ ትርፍ አገኘች። በ1838 ቀሪው ዕዳ ወደ 60 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ብድሩ ብድር እየወለደ ቀጠለ። ገንዘቡ የወጣው በዋናነት በቡና ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነው፤ ቡና አምራች አገር ያለ አንባቢ ቀረጡ በመጨረሻ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2022 ሰነዶችን መርምሮ ባወጣው ስሌት ሄይቲ በድምሩ ወደ 112 ሚሊዮን ፍራንክ፣ በዛሬ ገንዘብ 560 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍላለች። ያ ገንዘብ አገር ውስጥ ቀርቶ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ 21 ቢሊዮን ዶላር ያስገኝ እንደነበር ጋዜጣው ገምቷል።

ከዚያ ተራው የዋሽንግተን ሆነ። በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ የባህር ኃይል ወታደሮች ወደ ሄይቲ ብሔራዊ ባንክ ገብተው 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ጭነው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱን ያዙ፤ እስከ 1934 ድረስም አልወጡም። ገበሬውን አስገድደው መንገድ አሠሩ፣ የውጭ ዜጋ መሬት እንዳይገዛ የሚከለክለውን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ አስወጡ፣ ያመፀውን ሻርልማኝ ፔራልትን በ1919 ገደሉ።

ይህን የቀመሰች አገር በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር ዝም አላለችም። የሄይቲ ተወካይ ጄኔራል ኔሙር በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የደረሰው ነገ በማናቸውም ላይ ሊደርስ እንደሚችል ታላላቆቹን አስጠነቀቁ። ከዚያም በፊት ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ ሄይቲያዊ ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጥቶ በ1900 በለንደን በተካሄደው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆኖ ተገኝቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ውለታ የሚያስታውስ ሰው ማነሱ ያሳፍራል።

የሄይቲን ድህነት በገዥዎቿ ስግብግብነት ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ከ1957 እስከ 1986 የገዙት ዱቫሊዬዎች፣ አባትና ልጅ፣ ቶንቶን ማኩት በተባለ ገዳይ ቡድን ሕዝቡን አሸብረው ግምጃ ቤቱን ዘርፈዋል። ግን ልጁ ሲባረር በማን አውሮፕላን ወጣ? በአሜሪካ። የት ተጠለለ? ፈረንሳይ። በ2003 ፕሬዚዳንት ዣን ቤርትራን አሪስቲድ ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይመለስልን ብለው ፈረንሳይን በይፋ ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ በአሜሪካ አውሮፕላን ከአገር ወጡ፤ የተካቸው መንግሥት ጥያቄውን ወዲያው ተወው።

በ2015 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ኦላንድ ለሄይቲ ያለብንን ዕዳ እከፍላለሁ ሲሉ ብዙዎች አጨበጨቡ፤ ረዳቶቻቸው ወዲያው ማለታቸው የሞራል ዕዳ ነው ብለው አስተካከሉ። ኤፕሪል 17 ቀን 2025፣ ትእዛዙ በወጣ በ200ኛ ዓመቱ፣ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን የሁለቱን አገሮች የታሪክ ምሁራን ያቀፈ ኮሚሽን እንደሚቋቋም አስታወቁ፤ ገንዘብ ስለ መመለስ ግን ቃል አልገቡም። ታጣቂ ወሮበሎች ፖርት ኦ ፕሪንስን በአመዛኙ በያዙበት ሰዓት ብዙ ቢሊዮን ለማን ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱም አለ፤ ገንዘቡ በአደራ ይቀመጥ፣ ለውኃ፣ ለትምህርትና ለሆስፒታል ይዋል፣ አስተዳደሩ ላይ ሄይቲያውያን ራሳቸው ይቀመጡ። ክፍያውን ተቀብሎ ለቀድሞዎቹ ባለ እርሻዎች ያከፋፈለው የፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ ተቋም፣ ኬስ ደ ዴፖ፣ ዛሬም ፓሪስ ውስጥ ሥራ ላይ ነው። መጠኑ ላይ መከራከር ይቻል ይሆናል እንጂ ፈረንሳይ ዕዳ እንዳለባት ለማረጋገጥ ሌላ ኮሚሽን አያስፈልግም።