ማሽኑ ሠርቷል፣ ጠዋት የሚለካው ማን ነው?

በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር፣ ያ የክሎሪን ማሽን የት ደረሰ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሱ ይኸው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው በዓሣ ገንዳ ነው። አሰቦት ቁጭ ብሎ የባሕር ዓሣ ቪዲዮ የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔ ነኝ። ውጭ አገር ቤታቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ የባሕር ውሃ ሞልተው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ አፅሙን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ አይጎድልበትም፤ ገንዳው ግን ትንሽ ነውና በየቀኑ ይጎድላል። ሰውየው ረስቶ ከርሞ አንድ ቀን ብዙ ቢደፋበት ደግሞ ውሃው ይናጋል፣ ኮራሉም ይጎዳል። ስለዚህ ትንሽ ፓምፕ ከአርዱዪኖ ጋር ያያይዙና ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እንዲጨምር ያደርጋሉ።

ያንን ሳይ ትዝ ያለኝ የትምህርት ቤታችን ሮቶ ነው።

ሮቶው 5,000 ሊትር ይይዛል። ክሎሪን የሚጨመርበት በግምት ነበር፤ አንድ ሰሞን በኩባያ ይደፋል፣ ሌላ ሰሞን ይረሳል። በተደፋ ቀን ልጆቹ «በረኪና በረኪና ይላል» ብለው ጥለውት ይሄዱና ካገኙበት ይጠጣሉ። በተረሳ ቀን ደግሞ ማንም ቅር ሳይለው ይጠጣል፤ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። አተት ምን እንደሆነ ለሐረርጌ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እናም ከክበቡ ልጆች ጋር ሠራነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ውስጡ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ለስላሳ ቱቦ እየጨመቁ ፈሳሹን ወደፊት ይገፋሉ። ክሎሪኑ የሚነካው ቱቦውን ብቻ ስለሆነ ሞተሩን አይበላውም። ልጆቹ ለአንድ ደቂቃ አስነስተው የሚወጣውን በመርፌ ለኩት፤ ወረቀቱ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ይላል፣ የእኛ 80 ሰጠ። እኔ ስለ ልኬት አንድ ወር ሙሉ ካስተማርኩት ይልቅ ያቺ አንዲት ደቂቃ አስተማረቻቸው።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ብንል ለ5,000 ሊትር 5 ግራም ነው። የምንጠቀመው ዱቄት 70 በመቶው ክሎሪን ስለሆነ 7 ግራም ያህል ይበቃል። አንድ ፐርሰንት አድርገን ስንበጠብጠው ግማሽ ሊትር መሆኑ ነው። እኔ ግን «ቶሎ ቶሎ ከመሙላት» ብዬ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ በጥብጬ አስቀመጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

አንድ እሑድ ማታ መብራት ሄዶ መጣ። መብራቱ ሲመለስ ሪሌው ተጣብቆ ቀረና ፓምፑ ሳይቆም አደረ። ጀሪካኑ ባዶውን ቀረ። ሰኞ ጠዋት አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ቧንቧ ከፍታ አሸተተችና «ቲቸር፣ ዛሬስ ዓይን ያቃጥላል» ብላ ጠራችኝ። 20 ሊትሩ ውስጥ 200 ግራም ክሎሪን ነበረ፤ ሮቶው ሙሉ ነበር ብንል እንኳ በሊትር 40 ሚሊ ግራም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ነው። ስምንት እጥፍ! ያን ቀን ያተረፈን ያ የኮራኩበት ፕሮግራም ሳይሆን የአንዲት ልጅ አፍንጫ ነው። ውሃውን በሙሉ ደፋነው። በአሰቦት ፀሐይ 5,000 ሊትር ውሃ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥበቃችን ምንም አላሉኝም፤ ዝም ብለው ውሃው ሲፈስ ያዩ ነበር። ከስድብ የከበደኝ ያ ዝምታ ነው።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ከማሳመር ይልቅ ጥያቄውን ቀየርነው። «እንዳይበላሽ ምን እናድርግ?» ማለቱን ትተን «ሲበላሽ ምን ያህል ሊጎዳ ይችላል?» አልን። ጀሪካኑ ተነሥቶ አንድ ሊትር ጠርሙስ ገባ። በውስጡ ያለው 10 ግራም ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢፈስ ሙሉ ሮቶ ላይ በሊትር 2፣ ግማሽ ሮቶ ላይ 4 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ሁለቱም ከጣሪያው በታች ናቸው። ሮቶው ከግማሽ በታች ሲሆን ደግሞ ተንሳፋፊው ማብሪያ ማጥፊያ የፓምፑን ሽቦ ራሱን ይቆርጣል፤ ለአርዱዪኖው እንዲነግርልን አልጠበቅንም። ቱቦው ቢያረጅ ፈሳሹ በራሱ ቁልቁል እንዳይወርድም ጠርሙሱን ከሮቶው አፍ በታች አስቀመጥነው። ግማሽ ሊትሩ ማታ ሮቶው ሲሞላ በአሥር ጊዜ ተከፍሎ ይገባል፤ እስኪነጋ ሥራውን ለመሥራት በቂ ጊዜ አለው።

ይሄም ግን አይበቃም። ውሃው ደፍረስ ሲል ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋል። በእኛ ሙቀት የተበጠበጠው ራሱ እየደከመ ስለሚሄድ በየሳምንቱ አዲስ ማድረግና ጥላ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ማሽኑ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የታዘዘውን ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለት ተማሪዎች ከቧንቧው ቀድተው የመመርመሪያዋን ክኒን ይጨምራሉ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙን ከሰሌዳው ጋር አስተያይተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከ0.2 እስከ 0.5 ከሆነ ደህና ነው። የማታው መጠን የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ በእጅ ብትጨምሩ አይሻልም ነበር?» ይሉኛል። አይሻልም። ሰው ይረሳል፤ የሮቶው ታሪክ ምስክር ነው። ማሽን ደግሞ አይጠራጠርም፤ ሲሳሳትም እንደ ልቡ ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ካልያዘ ሁለቱም አደጋ ናቸው። እኛ አገር ግን ማሽን የመጣ ዕለት ሰውየውን እናሰናብታለን። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይጨበጨባል። በማግስቱ ጠዋት የሚለካው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ብልሽት የሚጀምረው ፓምፑ ሲቃጠል ሳይሆን እዚያ ቦታ ላይ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አመራሮች አንድ ልመና አለኝ። ውሃ ላይ ገንዘብ ስታወጡ መጀመሪያ የመመርመሪያ ክኒኑን ግዙ፣ ቀጥላችሁ የተረኛውን ስም ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ፓምፑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፓምፕ ሳይኖር መለካት ይቻላል፣ ይጠቅማልም። ሳይለኩ ፓምፕ መትከል ምን እንደሚያመጣ እኔ አይቼዋለሁ።

ለመሞከር የምታስቡ ልጆቼ፣ ሒሳባችሁን ሠርታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ዱቄቱን ውሃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ እንዳታፈሱ፤ ከአሲድ ጋርም በፍጹም እንዳይገናኝ።

ያቺ ልጅ አሁን የጠዋት ለኪዎች አለቃ ናት። ትናንት ደብተሩን ሳይ 0.4 ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ በራሷ እጅ «ሽታ የለውም» ብላ ጽፋለች። ማሽኑን አላመነችውም። ደስ አለኝ።